የዓባይ ዝይ በማይን ወንዝ ዳር

ዝዩ ከልጄ ጫማ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቆሟል። ዓይኑን የከበበው ቡናማ ክብ ኩል የተኳለ አስመስሎታል፤ እግሮቹ ሮዝ ናቸው። አንገቱን አስግጎ እንደ እባብ ሲተነፍስብን ልጄ ወደ ኋላ አፈገፈገችና እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ከእሱ ጀርባ እናቲቱና ስድስት ጫጩቶች ሣሩን እየነጩ ወደ ውኃው ይወርዳሉ። አባወራው መሆኑ ነው፤ ቤተሰቡ እስኪያልፍ ድረስ መንገድ ዘግቶብናል።

«ኒልጋንስ ነው» አለችኝ ልጄ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የወፎቹን ስም በትምህርት ቤት ተምራለች። እኔም ቃሉን ሁልጊዜ እየሰማሁ በአማርኛ ፈትቼው አላውቅም ነበር። በጀርመንኛ ኒል ዓባይ ነው፤ ጋንስ ዝይ። የዓባይ ዝይ።

«ኒል የእኛው ዓባይ ነው አይደል፣ እማዬ?»

«የእኛው ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል?»

ዝዩ በእርግጥም የአፍሪካ ወፍ ነው። ጣና ዳር አይቼዋለሁ፤ ሐዋሳም ሐይቁ ዳር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይቆማል። አውሮፓውያን ለመናፈሻ ጌጥ ብለው አመጡት፤ ከግቢ አመለጠ፤ ከኔዘርላንድስ ተነሥቶ ወንዝ ለወንዝ እየተከተለ ጀርመን ገባ። ዛሬ ፍራንክፈርት ውስጥ በማይን ወንዝ ግራና ቀኝ ሣር ባለበት ሁሉ አለ። ኩሱ ሣሩን ስለሚያበላሽ ሰዉ ያማርርበታል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2017 ከወራሪ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። እሷ ግን ከነገርኳት ውስጥ አንዱን ብቻ ነጥላ ያዘች፤ ወፉ ከእኛ አገር የመጣ መሆኑን።

ነገሩ ልቤን የነካው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ቀን አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ የፊደል ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ «አማርኛ እዚህ አገር ለምን ይጠቅመኛል? እዚህ ማንም አያውቀውም» ብላኝ ነበር። ተቆጥታ አይደለም፤ የምር ጠይቃኝ ነው። እኔም መልስ አጣሁ። «የአያትሽ ቋንቋ ነው» አልኳት። እውነት ነው፤ ግን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ አይበቃም። መልሱን ያገኘሁት በአንድ ዓመት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚሁ ወንዝ ዳር ስንዞር፣ ቁርጥራጩን ከየቦታው እየለቀምኩ ነው።

ፍራንክፈርት ከገባሁ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላኝ። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ወንዙን የማውቀው ከትራም መስኮት ብቻ ነበር፤ ጠዋት ከሥራ ስመለስ ግራጫ ውኃ፣ ማታ ስሄድ ጥቁር ውኃ። በወንዙ ዳር የተደረደሩት ሕንፃዎች ሙዚየሞች መሆናቸውን አውቅ ነበር፤ ግን ሙዚየም የእኔ ቢጤ የሚገባበት ቦታ መስሎ አይታየኝም ነበር።

ዓይኔን የገለጡልኝ እንከባከባቸው የነበሩ አንዲት አሮጊት ናቸው። ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ ሻይ አፍልቼ አጠገባቸው ስቀመጥ ስለ ልጅነታቸው ያጫውቱኛል። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል፣ በመጋቢት 1945፣ የራሳቸው የጀርመን ወታደሮች ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ የማይንን ድልድዮች አፈረሱ። የእግረኛው የብረት ድልድይ ውኃ ውስጥ ተጣጥፎ ወድቆ ሲያዩ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። «ድልድዩ ሲወድቅ አክስቴ ማዶ ቀረች» አሉኝ። በ1946 እንደገና ሲሠራ ከናታቸው ጋር ሮጠው ተሻግረዋል። ከዚያም እጄን ይዘው፣ «አንቺ በእግርሽ ተሻግረሽው ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር። በነጋታው ከሥራ ስወጣ ትራሙን ትቼ በእግሬ ሄድኩ።

አይዘርነር ሽቴግ ይሉታል፤ የብረት መሻገሪያ ማለት ነው። መጀመሪያ የተሠራው በ1868 ነው። መኪና አያልፍበትም። ከአሮጌው ከተማ ተነሥቶ ዛክሰንሃውዘን ወደሚባለው ሰፈር ያሻግራል፤ ወጣቶች ስማቸውን የጻፉባቸው የፍቅር ቁልፎች በአጥሩ ላይ ተጠቅጥቀዋል። ቀና ካሉ ደግሞ በብረቱ ላይ በግሪክ ፊደል የተጻፈ አንድ መሥመር አለ። ከጥንቱ ባለቅኔ ከሆሜር የተወሰደ ነው፤ ወይን ጠጅ በሚመስለው ባሕር ላይ ተሳፍሮ ልሳናቸው ሌላ ወደሆነ ሰዎች መሄድን ይናገራል። ትርጉሙን ባወቅሁ ቀን ድልድዩ መካከል ብዙ ቆሜያለሁ። ልሳናቸው ሌላ ወደሆነ ሰዎች የሄደ ሰው፣ ያንን መሥመር ሲያነብ ሌላ ሰው ነገረኝ ብሎ አያልፈውም።

ድልድዩን ተሻግረው ወደ ቀኝ ሲታጠፉ የሙዚየሞቹ ዳርቻ ይጀምራል። በአብዛኛው የተደራጀው በ1980ዎቹ ነው፤ ከተማው የድሮ ባለጠጎችን ቪላዎች እየያዘ፣ አጠገባቸውም አዳዲስ ሕንፃዎችን እየጨመረ አንዱን ሙዚየም ከሌላው ጎን አቆመ። የጥበበ እድ፣ የዓለም ባህሎች፣ የፊልም፣ የሥነ ሕንፃ፣ የመገናኛ፣ የሥዕል፣ የቅርጻ ቅርጽ። ከፊት ለፊታቸው የቅርንጫፎቻቸው ጫፍ በየዓመቱ እየተቆረጠ የጨበጠ እጅ የሚመስሉ ዛፎች ተሰልፈዋል፤ ከዛፎቹ በታች ውኃው ነው። በአብዛኛዎቹ ወራት የመጨረሻ ቅዳሜ ከተማው የሚያስተዳድራቸው ሙዚየሞች መግቢያ አያስከፍሉም፤ ዕድሜያቸው ከአሥራ ስምንት በታች ለሆነ ልጆች ደግሞ በማንኛውም ቀን ነፃ ናቸው። ይህን የማያውቅ ሐበሻ ወላጅ ብዙ አጋጥሞኛል፤ ስለዚህ ደግሜ እጽፈዋለሁ፦ ለልጆች ነፃ ነው።

ሁሉንም አልዘረዝርም። የሥነ ሕንፃው ልጄን አሰልችቷታል፤ የፊልሙን በጣም ወዳዋለች። የቅርጻ ቅርጹ ሙዚየም ሊቢግሃውስ ግቢው ውስጥ ያለው የአትክልት ቦታ ለደከመ ሰው ገነት ነው፤ ከሌሊት ተራ በኋላ እዚያ ተቀምጬ ቡና ጠጥቻለሁ።

ሽቴደልን ግን በፍጥነት ላልፈው አልችልም። ዮሐን ፍሪድሪሽ ሽቴደል የሚባል የባንክና የቅመማ ቅመም ነጋዴ በ1815 ቤቱን፣ ሥዕሎቹንና ገንዘቡን ለከተማው ሕዝብ ተናዝዞ ያቋቋመው ነው። የከተማው ስላልሆነ እኔ ከፍዬ እገባለሁ፤ የከፈልኩት አንድ ቀን አልቆጨኝም። እዚያ ውስጥ ቬርሜር የሚባለው የኔዘርላንድስ ሠዓሊ በ1669 የሣለው አንድ ትንሽ ሥዕል አለ። «የመልክዐ ምድር ሊቁ» ይባላል። አንድ ረጅም ፀጉር ያለው ሰው ሰማያዊ ካባ ለብሶ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሷል፤ በቀኝ እጁ ኮምፓስ ይዟል፤ ካርታ ተዘርግቶለታል። ግን ካርታውን አይመለከትም። ቀና ብሎ በግራ በኩል ወዳለው መስኮት፣ ወደ ብርሃኑ ያያል። አንድ ነገር ሊገባው የተቃረበ ሰው መልክ ነው። ከኋላው ቁም ሣጥን ላይ ሉል ተቀምጧል፤ የሉሉ ፊት የዞረው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ነው።

ልጄ አፍንጫዋ መስታወት ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ፣ «ምን እያሰበ ነው?» አለችኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ሥዕል ከተሣለ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በዚችው ከተማ ልክ እንደዚህ ካርታ ላይ አጎንብሶ ስለ እኛ አገር የሚያስብ ሰው መጥቶ እንደተቀመጠ እነግራት ነበር።

ስለዚያ ሰው የነገሩኝ ልጆቻችንን እሑድ እሑድ ፊደል የሚያስቆጥሩት መሪጌታ ናቸው። ልጄ የጠየቀችኝን ጥያቄ ሳማክራቸው ሣቁና፣ «የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ የታተመው የት ይመስልሻል?» አሉኝ። ጎንደር አልኩ፤ ሮም አልኩ፤ ለንደን አልኩ። «እዚሁ፤ ፍራንክፈርት» አሉ።

ሂዮብ ሉዶልፍ በ1624 በጀርመኗ ኤርፉርት ከተማ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ግዕዝን ከመጻሕፍት ለብቻው ማጥናት ጀመረ፤ የሚያነጋግረው ሰው ግን አልነበረውም። በ1649 ሮም ሲሄድ፣ ቫቲካን አጠገብ በሚገኘው የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቤት ውስጥ አባ ጎርጎርዮስን አገኛቸው። አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራ ሰው ናቸው፤ አገራቸው መካነ ሥላሴ። ሁለቱ የሚግባቡበት የጋራ ቋንቋ ስላልነበራቸው መጀመሪያ የተነጋገሩት በግዕዝ ነው፤ አንደኛው ከመጽሐፍ በተማረው፣ ሌላኛው ከቅዳሴ በለመዱት። ይህንን ደጋግሜ በዓይነ ሕሊናዬ ለመሣል ሞክሬያለሁ። እኔ መጀመሪያ እዚህ አገር ስገባ ከሐኪም ጋር ለመነጋገር ቃል እየቆጠርኩ፣ በእጄ እያሳየሁ፣ የማውቃትን እያንዳንዷን ቃል እንደ ሳንቲም እየቆጠብኩ ነበር።

በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ ግብዣ ወደ ጀርመን፣ ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት መጡ። ሉዶልፍ ይጠይቃል፤ እሳቸው ይመልሳሉ። የግዕዙን ቃል፣ የአማርኛውን ቃል፣ የአገሩን ወንዝና ተራራ፣ የንጉሡን ሥርዓት፣ የገበሬውን እርሻ። ከዚያም ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሡ፤ አልደረሱም። በ1658 የተሳፈሩበት መርከብ ተሰባብሮ ባሕር ውስጥ ሰጠሙ።

ሉዶልፍ ግን የነገሩትን ሁሉ ጠብቆ አቆየ። በ1678 ፍራንክፈርት መጥቶ ተቀመጠ፤ በ1704 እስኪሞትም ከተማው ይኸው ነበር። የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉን በ1681 እዚህ አሳተመ። የታሪኩን ሐተታ በ1691 ሲያወጣ የአባ ጎርጎርዮስን መልክ አስቀርጾ አስገባበት። በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት፤ ሁለቱም በፍራንክፈርት። ወዳጁ ባሕር ውስጥ ከጠፉ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሱ ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ቃላቸውን አሁንም በማተሚያ ብረት ያስለቅማል። ምሁራን ይህን ሰው የኢትዮጵያ ጥናት መሥራች ይሉታል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙ ሲጠራ ሁልጊዜ የአባ ጎርጎርዮስም ስም አብሮ ይጠራ። መምህሩ እሳቸው ናቸው።

ያን ማታ ሰዋስዉን በኮምፒውተር ከፈትነው፤ ገጹ ፎቶ ተነሥቶ ማንም እንዲያየው ተቀምጧል። ርእሱ በላቲን የሐበሾች የአገር ቋንቋ የሆነው የአማርኛ ሰዋስው ይላል። ልጄ ላቲኑን ዘለለችው፤ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ የምታውቀውን ፊደል መልቀም ጀመረች። የፊደሉ አቀራረጽ ትንሽ ያረጀ ነው፤ ወፍራም፣ አንገቱ አጠር ያለ። ቢሆንም አነበበችው። ሦስት መቶ ዓመት ያለፈውን ገጽ በዘጠኝ ዓመቷ አነበበችው። «ይህ ከሮመር አደባባይ አጠገብ ነው የተሠራው?» አለች። ማተሚያ ቤቱ የትኛው መንገድ ላይ እንደነበር ልነግራት አልቻልኩም፤ ከተማው ግን ይኸው ነው አልኳት። በነጋታው የፊደል ደብተሯ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። እኔ አላስገባሁትም።

ከዚያ በኋላ አገሬን የምፈልግበት ዓይን አወጣሁ። የዓለም ባህሎች ሙዚየም ገብቼ የኢትዮጵያን ዕቃዎች ጠየቅሁ። ከዚህ ከተማ የተነሡ ተመራማሪዎች በ1934 እና በ1935 ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ተጉዘዋል፤ የላካቸው ዛሬም እዚሁ ያለው የፍሮቤኒዩስ ተቋም ነው። ሙዚየሙ ግን ቋሚ ማሳያ የለውም፤ ዕቃዎቹ በማከማቻ ተቀምጠው ለተወሰነ ጊዜ በሚዘጋጅ ዐውደ ርእይ ብቻ ይወጣሉ። አዝኜ ወጣሁ። ከዚያ ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ተሻግረን ኒትሳ ተቀመጥን።

ስለ ኒትሳ ሁለት ቃል ልበል። ከድልድዩ በስተ ምዕራብ በወንዙ ሰሜናዊ ዳር የተዘረጋ ጠባብ የአትክልት ቦታ ነው። ፊቱ ወደ ደቡብ ነው፤ ከጀርባው ግንብ ነፋሱን ይከልልለታል፤ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ታርፍበታለች። በዚህ የተነሣ በጀርመን ምድር ደጅ ላይ በቀላሉ የማይበቅሉት በለስና ሎሚ፣ ዘንባባም ጭምር፣ እዚያ ይበቅላሉ። የበለሱን ቅጠል በጣቶቼ አሽቼ ሳሸተው የአክስቴ ጓሮ፣ ጎንደር፣ ይመጣብኛል። ቡናችንን በቴርሞስ ይዘን ሦስት አራት ሴቶች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የምንሰበሰበው እዚያ ነው። ዝዮቹም እዚያ ናቸው።

ትልቁን ነገር ያገኘነው ግን ከወንዙ ርቀን ነው። ዘንክንበርግ የተፈጥሮ ሙዚየም ከማይን በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ስሙ የተወሰደው ከአንድ የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ሐኪም ነው፤ ሀብቱን በሙሉ ለሕሙማንና ለሳይንስ ትቶ፣ ያሠራው የነበረውን ሆስፒታል ሲጎበኝ ከላይ ወድቆ በ1772 ሞተ። በሆስፒታልና በመንከባከቢያ የኖርኩ ሰው ነኝና በስሙ ፊት ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ማኅበሩ በ1817 በከተማው ነዋሪዎች ተመሠረተ፤ አሁን ያለው ሕንፃ የተከፈተው በ1907 ነው። የዳይኖሰር አፅም፣ የዓሣ ነባሪ አፅም፣ ትልቅ አይጠ መጎጥ የሚመስል እንስሳ እየዋጠ ያለ ግዙፍ ዘንዶ፣ ሁሉም አለ። ልጆቹ ዘንዶው ጋ ይሰለፋሉ። የድንቅነሽ አፅም ቅጂም አለ፤ ልጄ አጠገቧ ቆማ ቁመቷን ለካች፤ በዘጠኝ ዓመቷ በልጣታለች።

እኔ የመጣሁት ግን ለሌላ ሰው ነበር። ኤድዋርድ ሩፔል በ1794 እዚሁ ፍራንክፈርት የተወለደ፣ የባለጠጋ ልጅ፣ የዘንክንበርግ ማኅበር ሰው ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ፣ በዘመነ መሳፍንት፣ ደጃዝማች ውቤ ሰሜንን በሚገዙበት ጊዜ፣ ከምፅዋ ተነሥቶ ሰሜን ተራሮችን አቋርጦ ጎንደር ገባ። ያያቸውን እንስሳት ወደ ከተማው ሙዚየም ላከ፤ እዚህ ተመልሶም ለሳይንስ ገለጻቸው። ዋልያንና ጭላዳን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840።

አሁን እኔ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ደባርቅ ነው ያደግሁት። አባቴ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሃያ ዓመት በላይ ስካውት፣ ማለትም የዱር እንስሳት ጠባቂ፣ ነበሩ። ዋልያ በቤታችን እንደ ዘመድ ስሙ የሚነሣ ፍጡር ነው፤ ገደሉ ላይ የወለደችውን፣ ነብር የወሰደባትን፣ ቀንዱ የተሰበረውን አባቴ እየለዩ ይነግሩን ነበር። ዋልያ በዓለም ላይ ከእነዚያ ተራሮች በቀር የትም እንደሌለ ከማንበቤ በፊት አውቃለሁ። በአገሬ ልጅነቴን የሞላው እንስሳ ለዓለም ሳይንስ የተመዘገበው እኔ ትራም ስጠብቅበት በኖርኩት ከተማ መሆኑን ሳውቅ እዚያው ሙዚየሙ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

አባቴን ደወልኩላቸው። ልጄ ስልኩን ቀማችኝ።

«አባባ፣ ዋልያን ስም ያወጣለት የፍራንክፈርት ሰው ነው!»

መስመሩ ላይ ዝምታ ሆነ። «ምን ብሎ አወጣለት?» አሉ አባቴ።

«ካፕራ ዋሊ።»

«ዋሊ?»

«ዋሊ።»

«እንግዲያማ እኛ ያልነውን ነው ያለው» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ሰማሁ። «ጭላዳንስ?»

ጌላዳ ብሎ ነው የጻፈው። ጭ ለአውሮፓ አፍ ከባድ ናት፤ ቢሆንም የእኛው ቃል ነው። ቀይ ቀበሮን ደግሞ ሲመንሲስ ብሎታል፤ የሰሜኑ ማለት ነው። ሰውየው ሦስቱንም ሲሰይም አንዱንም በራሱ ወይም በጌታው ስም አልጠራም። የአገሩን ስም ይዞ መጣ። ዛሬ ከጃፓን እስከ ብራዚል ዋልያን የሚያጠና ተመራማሪ ሁሉ የደባርቅ ገበሬ የሚጠራበትን ቃል ይጽፋል።

ሙዚየሙ የያዘው ሁሉ ለዕይታ አይቀርብም፤ እጅግ ብዙው ለተመራማሪዎች በተዘጋጀ ክምችት ውስጥ ነው። ሩፔል ጎንደር ላይ የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍትም እንዲሁ። በዚህ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው፤ በ1897 ዝርዝራቸው ታትሟል። ስለ እነሱ የሚሰማኝን አልደብቅም። በጥሩ ሁኔታ በመጠበቃቸው አመሰግናለሁ፤ ከጎንደር ርቀው በመቀመጣቸው አዝናለሁ። ሁለቱም ስሜት አብሮኝ ይኖራል። የምመኘው፣ በወንዙ ዳር ከሚዘጋጁት ዐውደ ርእዮች በአንዱ፣ ለአንድ ወር እንኳን ቢሆን፣ ከአባ ጎርጎርዮስ መልክ ጋር ጎን ለጎን ወጥተው ልጆቻችን እንዲያነቧቸው ነው። የሚያነቡ ልጆች አሉን። ለዚህም ለሚመለከታቸው በጀርመንኛ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

በመጨረሻው ቅዳሜ ከዘንክንበርግ ወጥተን ፓልመንጋርተን ሄድን፤ ቅርብ ነው። በ1871 የተከፈተ፣ ሃያ ሁለት ሄክታር የሚሰፋ የዕፅዋት ቦታ ነው። ውጪው ብርድ ሲሆን የዘንባባው ቤት ውስጥ ገብቶ ሙቀቱ ፊትን ሲመታ ያለውን ስሜት ለማንም ስደተኛ እመኛለሁ። መነጽሬ በእንፋሎት ተሸፈነ፤ አውልቄ ስጠርገው ልጄ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ መሣል ጀምራ ነበር።

ጭላዳ ነው የሣለችው። ደረቱ ላይ ቀይ ልብ የሚመስለውን ቆዳ አሳምራ አቅልማዋለች፤ የትከሻውን ጎፈር እንደ ካባ አድርጋዋለች። ከበስተ ግራ ገደል አለ። ከገደሉ በታች ወንዝ፣ በወንዙ ላይ የብረት ድልድይ፣ ድልድዩ ሥር ኩል የተኳለ ዝይ። ከላይ በትልቁ ስሙን በፊደል ጽፋለች። ፎቶ አንሥቼ ለአባቴ ላክሁላቸው።

ወዲያው ደወሉ። ሥዕሉን አመሰገኑ፤ ደረቱን አመሰገኑ፤ ጎፈሩን አመሰገኑ። «ዝዩ ምን ይሠራል ከጭላዳ ጋር?» አሉ።

«እሱም ከእኛ አገር ነው፣ አባባ።»

«እሺ ይሁን» አሉ። ቀጥለውም፣ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩና፣ ረጋ ብለው፣ «ስሙን ግን ጨላዳ ብለሽዋል፣ የእኔ ልጅ። ግዕዙን ጨ አይደለም፣ ሳድሱን ጭ ነው። አንዴ ቁጠሪው እስኪ» አሏት።

ልጄ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና በጣቷ ቆጠረች። ጨ፣ ጩ፣ ጪ፣ ጫ፣ ጬ፣ ጭ። ከቦርሳዋ ላጲስ አወጣች።